አሜሪካ ለባቡር ሠራተኛ የተፈረደው ፍርድ ለወንድሜ እጅ ይሠራል ወይ?

የጠባሴው (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ከተማ አንድ ፋብሪካ ይሠራል። ስሙን አልጠራም። ፕላስቲክ የሚፈጭ ማሽን ላይ ነው የመደቡት። አሮጌ ጄሪካን፣ የተሰባበረ ወንበር፣ ምናምን ከላይ ይገባል፣ ከታች እንደ ክክ ሆኖ ይወጣል። ከሁለት ወር በፊት ሌሊት ፈረቃ ገብቶ ነበር። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ማሽኑ ታነቀና ቆመ። የታነቀውን ሊያወጣ እጁን ሲሰድ ማሽኑ ተነሳ። የቀኝ እጁ ሌባ ጣትና የመሃል ጣቱ እዚያው ቀሩ። የቀለበት ጣቱ አለ ይባላል እንጂ አይታጠፍም።

ማሽኑ አፉ ላይ ሽፋን ነበረው። ሽፋኑ ሲከፈት ማሽኑ በራሱ የሚጠፋበት ነገርም ነበረው። ግን በየሰዓቱ እየታነቀ ሥራ አስፈታ ተብሎ፣ "ለጊዜው" ተብሎ፣ ሽፋኑ ተፈትቶ ግድግዳ ሥር ከተቀመጠ ከወር በላይ ሆኖት ነበር። ወንድሜ ሲያወራ "ሻያችንን እሱ ላይ ነበር የምናስቀምጠው" ይላል።

የመጀመሪያውን ሕክምና ድርጅቱ ከፍሏል፣ አልዋሽም። ባለፈው ሳምንት ግን ቢሮ ጠርተው ወረቀት ሰጡት። አደጋው የደረሰው በራሴ ጥንቃቄ ጉድለት ነው፣ የሦስት ወር ደሞዝ ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም ይላል። ጓንት አላደረግህም፣ ማሽኑን ከማብሪያው ሳታጠፋ እጅህን ከተትህ፣ ጥፋቱ ያንተው ነው አሉት። እሱም እውነት ነው ብሎ ያምናል! እስክሪብቶ በግራ እጁ ይዞ ሊፈርም ሲል እጁ አልታዘዝ ብሎት ነው "ቤት ወስጄ ላንብበው" ብሎ የወጣው። ወረቀቱ አሁን ቡፌው ላይ ነው። እናታችን "ፈርምና ተቀበል፣ ከድርጅት ጋር ተካሶ ማን አሸንፏል" ትላለች።

አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ይህን ሰምቶ በድምፅ መልእክት ላከልኝ። እዚያ አንድ የባቡር ሠራተኛ እጁ ተጎድቶ ባቡር ድርጅቱን ከሶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ "የድርጅቱ ጥፋት የፀጉር ያህል ብትሆንም ይክፈል" ብሎ ፈርዷል አለኝ። እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ፍርድ እኛ አገር አለ ወይ? ወንድሜ እጁን ራሱ መክተቱስ መብቱን ይገድለዋል ወይ? ደሞዙ 5,000 ብር ነው፣ ከጠየቃችሁ።

ቆላ ወረድ

ወንድሜ አዝናለሁ፣ እግዜር ይማረው። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የአሜሪካ ፍርድ እዚህ ማን ያነበዋል? እሱ ለእነሱ ነው። እዚህ ጠበቃ ቀጥሮ፣ ቀጠሮ ለቀጠሮ ተመላልሶ፣ መጨረሻ ላይ "ጥፋቱን አስረዳ" ይሉታል። ማን ሊመሰክርለት? እዚያው የሚሠሩት ልጆች? እንጀራቸው ነው። ከሦስት ወር ወደ ስድስት ወር እንዲያሳድጉት ሽማግሌ ላኩና ጨርሱት።

ፉርጎ ቆጣሪ

የጠባሴው፣ የአክስትህ ልጅ ግማሹን ልክ ነግሮሃል። በግማሹ ግን አሳስቶሃል። እኔ የመሃል ሜዳ ልጅ ነኝ፣ አሁን ካንሳስ ነው ያለሁት። ፉርጎ የሚቀጠልበትና የሚፈታበት ግቢ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን ነገር ሥራ ስንገባ የሠራተኛ ማኅበሩ ሰዎች ናቸው የሚነግሩን፣ ስለዚህ እንደ ዳዊት ነው የማውቀው።

ፍርዱ እ.ኤ.አ. በ2011 የተሰጠ ነው። ድርጅቱ ሲኤስኤክስ የሚባለው የጭነት ባቡር ድርጅት ነው። ሠራተኛው የባቡር ነጂ ነበር። ፉርጎ እየጣለ እየቀጠለ የሚሄድበት ሥራ ነው፣ ማለት ቀኑን ሙሉ የእጅ ፍሬን መያዝና መልቀቅ ነው። ለዚያ ሥራ የማይመች ሎኮሞቲቭ አሰልፈው ሰጡት። አይመችም ብሎ ተናገረ፣ እንዳለ ውሰደው አሉት። አሥር ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ፍሬኑ ላይ እጁ ተጎዳ። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት እንኳ እንደ ድሮው አልሆነለትም።

ድርጅቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ምን አለ መሰለህ? እሺ ጥፋት አለብኝ እንበል፣ ግን የእኔ ጥፋት የጉዳቱ ቅርብና ቀጥተኛ ምክንያት መሆኑ ይረጋገጥ አለ። ሌሎች ክሶች ላይ የሚሠራበት መለኪያ ነው፣ ከሰማይ አልወረደም። ፍርድ ቤቱ ግን ለባቡር ሠራተኛ እሱ አይሠራም አለ። የድርጅቱ ቸልተኝነት ለጉዳቱ ድርሻ ካለው፣ ድርሻው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ይበቃል። ውሳኔው 5 ለ 4 ነው ያለፈው፣ የጻፈችውም ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ ናት። አንድ ድምፅ ወዲያ ቢሄድ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

አሁን ለአንተ የሚጠቅመው ነጥብ። ሸንጎው፣ ማለት ከተራው ሕዝብ ተመርጠው ችሎት ላይ የሚፈርዱት ሰዎች፣ ጉዳቱን 275 ሺህ ዶላር ገመተው። ግን ነጂውም ራሱ ሲሶ ያህል ጥፋት አለበት ተባለና ሲሶው ተቀነሰበት። ስለዚህ "የፀጉር ያህል ጥፋት ካለበት ሁሉንም ይክፈል" አይደለም። የፀጉር ያህል ጥፋት በሩን ይከፍትልሃል፣ ከገባህ በኋላ ያንተም ጥፋት ይመዘናል። ሠራተኛው ራሱ ማጥፋቱ ክሱን አይገድለውም፣ ብሩን ነው የሚቀንሰው።

ይህ አነጋገር በ2011 የተፈጠረ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ1957 የታየ አንድ ጉዳይ አለ፣ እኔ እሱን ነው የምወደው። አንድ የሐዲድ ሠራተኛ ሐዲዱ ዳር ያለውን አረም እንዲያቃጥል ታዘዘ። እያቃጠለ ሳለ ባቡር መጣ። ባቡሩ ሲያልፍ ነፋሱ እሳቱን አራገበው፣ ወደ ሰውየው ላከው። ሰውየው ፊቱን ከልሎ ወደ ኋላ ሲሸሽ ውኃ ማሳለፊያ ቱቦው አናት ላይ ያለው ጠጠር አንሸራቶት ወደቀ። ድርጅቱ ራስህ ነህ እሳቱን የለኮስከው፣ ራስህ ነህ የሸሸኸው አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የድርጅቱ ቸልተኝነት በጣም ትንሿ ድርሻ እንኳ ካለችው ሸንጎው ሊፈርድለት ይችላል አለ። የ2011ዱ ፍርድ የቆመው በዚያ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውን ብትሰማ ታለቅሳለህ። እ.ኤ.አ. በ1842 ማሳቹሴትስ ውስጥ አንድ የባቡር ነጂ፣ ሌላ ሠራተኛ የሐዲዱን መቀየሪያ አበላሽቶት ባቡሩ ከመስመር ወጣና ቀኝ እጁን አጣ። ዳኛው ምን አሉት? አንተ በቀን ሁለት ዶላር የሚከፈልህ አደጋውንም ጨምሮ ነው፤ ያጠፋው ደግሞ የሥራ ባልደረባህ ነው እንጂ ድርጅቱ አይደለም፤ ሂድ! ከዚያ በኋላ ሰው እጅና እግሩን እያጣ እንዲሁ ስንት ዓመት ቆየ። ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ1906 ሕግ አወጣ፣ ፍርድ ቤቱ ጣለው። በ1908 አስተካክሎ እንደገና አወጣ፣ እሱ ነው እስከ ዛሬ ያለው። ድርጅቱ ቀድሞ "አልጠየቅም" ብሎ ቢያስፈርም እንኳ ያ ውል ዋጋ የለውም ይላል ሕጉ።

የአክስትህ ልጅ ያልነገረህ ግን ይኼ ነው። በዚህ ሕግ ሠራተኛው ትንሽም ብትሆን የድርጅቱን ጥፋት ማሳየት ግድ ነው። ጥፋት ከሌለ ዜሮ። እዚህ አገር ፋብሪካና ሆቴል የሚሠራው ሰው ጥፋት ሳያስረዳ የሚካስበት ሌላ ሥርዓት አለው፣ የባቡሩ ግን ለብቻው ነው። የእኛን አገር ሕግ የሚያውቅ ሰው ይምጣና ይንገርህ፣ እኔ ከዚህ አላልፍም።

የጠባሴው

ፉርጎ ቆጣሪ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቁጭ ብለህ ይህን ሁሉ ስለጻፍክ። ለወንድሜ አነበብኩለት። ጠጠሩ ያንሸራተተው ሰውዬ ጋ ስደርስ ሳቀ፣ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

የችሎት ሰው

እኔ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ጠበቃ ነኝ። ቆላ ወረድ፣ ወንድሜ፣ ያልከው ነገር ብዙ ሰው የሚያምነው ስለሆነ ነው ልመልስልህ የፈለግኩት እንጂ ልጣላህ አይደለም።

ነገርን ከሥሩ። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ስለ ሥራ ላይ ጉዳት የሚናገረውን ምዕራፍ ክፈቱት። አንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ሠራተኛው ሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ጥፋት ባይኖርበትም! የአሜሪካው የባቡር ነጂ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ5 ለ 4 ያገኘው "ትንሽ ጥፋት ይበቃል" የሚል ነው። የእኛ አዋጅ መጀመሪያውኑ ስለ ጥፋት አይጠይቅህም። ስለዚህ የጠባሴው፣ የአሜሪካውን ፍርድ እዚህ አታምጣው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ብቻ ሳይሆን፣ በዚህ በኩል ያንተው ይሻላል።

እንግዲህ ድርጅቱ የሚያመልጥባት በር የትኛዋ ናት? ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ጉዳት ካደረሰ ነው። ሕጉ እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር ያነሳል። አንደኛው አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስ ነው። ሁለተኛው አእምሮውን ወይም አካሉን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ መግባት ነው። ስለ ጓንቱ የሚያወሩት ለዚህ ነው። ዝም ብሎ የተወረወረ ቃል አይደለም፣ ያችን በር እያንኳኩ ነው። ስለዚህ ወንድምህን እነዚህን ጠይቅልኝ። ጓንት ተሰጥቶት ያውቃል? ፈርሞ ተቀብሏል? "ማሽን ሳታጠፉ እጅ አትክተቱ" የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ አለ? ሥልጠና ወስዷል? የታነቀውን ሌሎቹስ እንዴት ነበር የሚያወጡት? አለቃው ቆሞ እያየ ሁሉም በእጁ የሚያወጣ ከሆነ፣ መመሪያ ተጣሰ ማለት ይከብዳል። ደግሞ ቸኩሎ ወይም ተሳስቶ እጅ መክተት አንድ ነገር ነው፣ ሆን ብሎ ራስን መጉዳት ሌላ ነው። በሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እንቅልፍ እያንገላታው ሥራ እንዳይቆም የተጣደፈ ልጅ ነው እኮ።

ሁለተኛም መንገድ አለ። አንቀጽ 95 ላይ ጉዳቱ የደረሰው በአሠሪው ጥፋት ከሆነ አግባብ ያለው ሌላ ሕግ ይሠራል ይላል። ያ ማለት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። እዚያ ስትሄድ ጥፋቱን የምታስረዳው አንተ ነህ። የተጎጂውም ጥፋት ይመዘንና ካሣው ይቀነሳል። ፉርጎ ቆጣሪ ከተናገረው ጋር የሚመሳሰለው እንግዲህ ይኼኛው ነው። ሽፋኑ የሚያስፈልገን እዚህ ነው። ከወር በላይ ተፈትቶ ግድግዳ ሥር የተቀመጠ ሽፋን፣ ሻይ የሚቀመጥበት ሽፋን፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ካሣው በመጀመሪያው መንገድ ከሚገኘው ሊበልጥ ይችላል፣ ሙግቱም ይከብዳል። በየትኛው እንደምትሄዱ ክስ ከመጻፉ በፊት ቁጭ ብላችሁ ወስኑ፣ መሃል ላይ ከዚህ ወደዚያ መዝለል ጣጣ አለው።

ስለ ብሩ። እስኪድን ድረስ የሚከፈል አለ። የመጀመሪያው ሦስት ወር ሙሉ ደሞዝ፣ የሚቀጥለው ሦስት ወር ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ ለቀሪው ስድስት ወር ከ50 በመቶ የማያንስ። እንግዲህ የሰጡትን የሦስት ወር ደሞዝ እዩት። ለመጀመሪያው ሦስት ወር እንዲያውም ሊከፍሉት የሚገባ ነው፣ ካሣ ብለው ጠሩለት እንጂ! ሕክምናውም፣ መድኃኒቱም፣ ሰው ሠራሽ አካል ካስፈለገ እሱም በአሠሪው ነው። የጣቶቹ ጉዳይ ደግሞ ዘላቂ የአካል ጉዳት ስለሆነ የሐኪሞች ቦርድ በመቶኛ ይወስናል። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው "ጡረታ ይቆረጥለት ነበር ወይ? ድርጅቱስ ለሠራተኛ መድን ገብቷል?" የሚለው ነው። ጡረታ ካለው የሚከፈለው በጡረታው ሕግ ነው፣ ስሌቱም ሌላ ነው። በጡረታ ሕግ የማይሸፈን ከሆነ ግን በአንቀጽ 109 ሙሉ በሙሉ መሥራት ለማይችል የአምስት ዓመት ደሞዝ ይከፈላል፣ ከዚያ በታች ከሆነ እንደ መቶኛው ነው። ለምሳሌ ያህል በ5,000 ብር ሒሳብ ዓመቱ 60,000፣ አምስት ዓመቱ 300,000 ብር ይመጣል። ቦርዱ 20 በመቶ ቢል 60,000 ብር ነው። ይህን ለምሳሌ ነው ያልኩት፣ መቶኛውን እኔ አላውቅም፣ ሄደህ ለእናትህ "ስልሳ ሺህ አሉ" እንዳትል።

ያን ወረቀት እንዳይፈርም። ቅጂውን ግን አስቀሩ፣ የድርጅቱ ማኅተም ካለበት ደግሞ በጣም ጥሩ፣ አደጋው ግቢያቸው ውስጥ መድረሱን ራሳቸው ጽፈው ሰጧችሁ ማለት ነው።

ጊዜውም እንዳያልፋችሁ። በሥራ ሕጉ እንዲህ ያለ የጉዳት ካሣ ጥያቄ በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል፣ የፍትሐ ብሔሩ ሁለት ዓመት ነው። እርቅ እርቅ እያሉ ዓመቱን የሚያስጨርሱ አሉ። ለሥራ ክርክር ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። በፍትሐ ብሔሩ ከሄዳችሁና መክፈል ካልቻላችሁ በደሃ ደንብ ማመልከት ይቻላል።

ቆላ ወረድ

እሺ ጠበቃዬ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ሽማግሌውን ትቻለሁ። የምስክሩ ነገር ግን አሁንም አልተመለሰልኝም።

የአታዬዋ

የምስክሩን ነገር እኔ ልመልስ፣ ደርሶብኛልና።

ባለቤቴ በቆላው በኩል ሐዲድ ሲሠራ በቀን ሠራተኛነት ገብቶ ነበር፣ ዓመታት አልፈውታል። ከዋናው ድርጅት ሥራ የወሰደ አንድ ትንሽ ተቋራጭ ነው የቀጠረው። ከሐዲዱ ሥር የሚነጠፈውን ኮንክሪት ከመኪና ሲያወርዱ አንዱ ተንሸራቶ እግሩ ላይ ወደቀ። ቁርጭምጭሚቱ ደቀቀ። ተቋራጩ በመጀመሪያ ቀን "አይዞህ፣ የኛ ልጅ" አለ። በሳምንቱ "ይህን ሰው አላውቀውም" አለ። አላውቀውም! የቅጥር ወረቀት የለው፣ መታወቂያ የለው፣ ደሞዝ በእጅ። ዋናው ድርጅት ጋ ብንሄድ የእኛ ሠራተኛ አይደለም ተባልን። ከዚያ ወዲያና ወዲህ እንደ ኳስ።

እኛን ያዳነን የፎርማኑ ደብተር ነው። ጠዋት ጠዋት ስም የሚጠራበት፣ ጠርዙ በቅባት የተነከረ፣ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር። ከባለቤቴ ጋር የሚሠራ አንድ የካራቆሬ ልጅ፣ ፎርማኑ ምሳ ሲበላ፣ አራት ገጽ በስልኩ ፎቶ አንስቶ አመጣልኝ። የአደጋው ቀን ጠዋት የባለቤቴ ስም አጠገብ የራይት ምልክት አለ፣ ከሰዓት የለም። ከሰዓት የለም! ከዚያ ወዲያ "አላውቀውም" የሚለው ቀረ። ልጁ ምስክር አልሆነም፣ እኔም አላስገደድኩትም፣ ደብተሩ መሰከረ። ፍርድ ቤቱ ዋናውን ደብተር እንዲያቀርቡ አዘዘ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እዚያው የሚሠሩትን ልጆች አታስጨንቋቸው። ወረቀት ፈልጉ። ወንድምህ ደሞዙን በባንክ ነው የሚቀበለው? የባንክ ደብተሩን አውጣ። የፈረቃ ዝርዝር በር ላይ ይለጠፋል? የሆስፒታሉ ካርድ ላይ "ሥራ ላይ የደረሰ" ብለው ጽፈዋል? ካልጻፉ ሄዳችሁ ጠይቁ። በምን መኪና ሆስፒታል ደረሰ? በድርጅቱ መኪና ከሆነ የበሩ ጥበቃ መውጫ መዝገብ ላይ ሰዓቱን ጽፎታል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ከሕግ ውጪ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ለተቆረጠ ጣት ጠላት ነው። የባለቤቴ እግር አታዬ ቆላ ላይ ዝም ይላል፣ ጣርማ በር ላይ ስናልፍ ያለቅሳል። የሱፍ ጓንት ግዙለት፣ ሁለቱን ጣት ወደ ውስጥ ገልብጠህ ስፋለት።

ፉርጎ ቆጣሪ

የአታዬዋ፣ እህቴ፣ ይህን የደብተር ነገር እዚህ ያሉ የማኅበር ሰዎች ቢሰሙ ለአዲስ ገቢ ሠራተኛ ያስተምሩበታል። እኛም መጀመሪያ የሚነግሩን እኮ ይኸው ነው፣ ሥራ ስትገባ አይመችም ያልከውን ነገር ቀን ጽፈህ ያዝ ይላሉ። ያ የአሜሪካው ነጂም አይመችም ብሎ ተናግሮ ነበር።

የጠባሴው

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሰሞኑን ያደረግነውን ልንገራችሁ።

ወረቀቱን አልፈረመም። ማኅተም አለበት፣ ፎቶ ኮፒ አስነስተን ዋናውን እኔ ጋ አስቀምጠነዋል። ጡረታ ይቆረጥለታል፣ ደሞዝ መቀበያው ላይ አለ፣ እስካሁን አይተነው አናውቅም ነበር። ሐኪሙ ካርዱ ላይ "ሥራ ቦታ ማሽን" ብሎ ጽፏል። ስለ ቦርዱ ጠይቀን ቁስሉ በደንብ ይጥገግና ተመለሱ ተብለናል። ጓንት ተሰጥቶት አያውቅም፣ ጽሑፍም የለም፤ የታነቀውን ሁሉም በእጁ ነው የሚያወጣው፣ አለቃው ራሱ አንዴ አውጥቶ አሳይቷቸዋል። እናቴ ለጊዜው ዝም ብላለች፣ ዝም ማለቷ ከሷ ብዙ ነው።

ግን አንድ ነገር። ወንድሜ ትናንት የተረፈ ደሞዝ ሊጠይቅ በሚል ሰበብ ገብቶ ነበር። ሽፋኑን መልሰው ገጥመውታል። ቡሎኖቹ አዲስ ናቸው፣ ሌላው የማሽኑ አካል ሁሉ አቧራ ለብሶ እነሱ ብቻ ያበራሉ አለኝ። ይህ አሁን አይጎዳንም ወይ? ሽፋኑ ድሮም ነበር ቢሉስ?

የችሎት ሰው

የሚሉት እሱን ነው፣ ጠብቀው። ግን ቡሎን በራሱ አይገጠምም። የጥገና ክፍሉ የሥራ ትእዛዝ ይኖረዋል፣ ቴክኒሻኑ ፈርሞ ነው የሚሠራው። ቡሎኑም ከንብረት ክፍል በወረቀት ነው የሚወጣው። ከአደጋው በኋላ በስንት ቀን እንደወጣ እዚያ ላይ አለ። ክሱ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ እነዚህን ሰነዶች እንዲያስቀርብልን እንጠይቃለን። ደግሞም አሠሪው እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ አለበት። ሄዳችሁ አሳውቀው እንደሆነ ጠይቁ። አሳውቀው ከሆነ ምን ብለው እንደጻፉ እንይ። አላሳወቁ ከሆነ እናንተ አመልክቱ፣ ተቆጣጣሪው መጥቶ ማሽኑን ይየው።

ወንድምህ ግን ሁለተኛ ለብቻው እዚያ ግቢ እንዳይገባ።

የአታዬዋ

ሻይ የምታስቀምጡበት ነበር አላልክም? ትኩስ ብርጭቆ ቀለም ያነሳል። ቀለሙን ካልቀቡት ክብ ክቡ ምልክት አሁንም አለ።

የጠባሴው

አሁን ጠየቅኩት። አለ። ሦስት ክብ፣ አንዱ ጆሮ ጆሮውን ነው አለ።